ፕራዶ 98 ሞዴል፦ ማርሽ ይገባል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አትልም

የአባቷ_ፕራዶ · ማክሰኞ ማታ 2:15

ሰላም ቤቶች፣ እባካችሁ መላ በሉኝ ጭንቅ ውስጥ ነኝ። መኪናዋ ፕራዶ ናት፣ 98 ሞዴል፣ ናፍጣ፣ ዋን ኬዜድ የሚባለው ሞተር፣ ማኑዋል ካምቢዮ (ማርሹ በእጅ የሚገባ)፣ 310 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ የሄደች። የአባቴ ናት፣ እሱ አሁን ዓይኑ ስለደከመ የምይዛት እኔ ነኝ። ዛሬ ከሥራ ወጥቼ ከለገሀር ወደ ፒያሳ ቸርችልን እየወጣሁ ፖስታ ቤቱን አለፍ እንዳልኩ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምኩ፣ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ሰው ሊያወርድ ቆመብኝና መሪውን ወደ ግራ በደንብ ጠምዝዤ በአንደኛ ማርሽ ልነሳ ስል ከስር "ጧ!" አለ። ብረት የተሰበረ ነው የሚመስለው። ከዛ በኋላ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ አትሄድም። ማርሹ ያለምንም ችግር ይገባል፣ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውን) ስለቅ ግን ምንም የለም፣ ሁለተኛ ሶስተኛ ሪቨርስ ሁሉንም ሞከርኩ።

በጣም ያስደነገጠኝ ደግሞ አንደኛ ማርሽ ላይ እንዳለች ሞተር አጥፍቼ እግሬን ከፍሬን ሳነሳ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ማርሽ ውስጥ ሆና! የእጅ ፍሬን ስቤ ያዝኳት፣ አንድ ሊስትሮ ልጅ ሮጦ መጥቶ ድንጋይ ከጎማው ስር አረገልኝ፣ እግዜር ይስጠው።

አስጎትቼ ሰፈር ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የእጅ ፍሬን ስቦ ሶስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀው፣ ሞተሩ አልጠፋም፣ "በቃ ፍሪሲዮን አልቋል፣ ካምቢዮ ይወርዳል፣ ወርዶ ደግሞ ካምቢዮውም ይታያል" አለኝ። የጠራው ዋጋ ከሁለት ወር ደሞዜ ይበልጣል። ፍሪሲዮኑ ግን አምና ነው የተቀየረው፣ ደረሰኙም አለኝ። ነገ ጠዋት መልስ ስጪኝ ብሎኛል። ምን ላርግ?


ዲኤክስ_ለዘላለም · ማክሰኞ ማታ 2:31

አይዞሽ እህቴ ፍሪሲዮን ነው። የኔም ዲኤክስ ልክ እንደዛ ሞተሩ እየጮኸ አልሄድ ብሎኝ የፍሪሲዮኑ ሸራ ተላልጦ ነው የተገኘው። አምና የተቀየረው ኮፒ ይሆናል፣ ኮፒ ሸራ ለዚህ ዳገት አይሆንም። ይውረድና ይገላገልሽ።


ናፍጣ_ብቻ · ማክሰኞ ማታ 2:44

እኔ አልተዋጠልኝም። ፍሪሲዮን ሲያልቅ አንድ ቀን ጧ ብሎ አያልቅም ባብዛኛው፣ ሳምንታት ያስጠነቅቅሻል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮህና ጉልበት ያንስሻል፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ጋቢና ድረስ ይገባል። የሸተተሽ ነገር ነበር?


የአባቷ_ፕራዶ · ማክሰኞ ማታ 2:50

ኧረ ምንም አልሸተተኝም። እስከዛች ደቂቃ ድረስ ጉልበቷም ደህና ነበር፣ ባለፈው እሁድ እንጦጦ ወጥቼባታለሁ።


ጡረተኛ_መካኒክ · ማክሰኞ ማታ 3:20

ልጄ እንደምን አመሸሽ። ካምቢዮውን እንዳታስወርጂ፣ ቢያንስ እስከ ነገ ከሰዓት።

የአንቺ ፕራዶ በፈረንጅ ከ1996 እስከ 2002 የተሠራው ባለ 90 የሚባለው ነው። ይሄ መኪና እንደ ድሮ ፒካፕ በኋላ ጎማ እየሄደ ሲቸግር ብቻ ፎር ዊል የሚገባለት አይደለም፣ አስፋልትም ላይ ጭቃም ላይ ሁልጊዜ አራቱንም ጎማ ነው የሚነዳው። እርግጠኛ ለመሆን ከዋናው ማርሽ ጎን ያለችውን ትንሿን ማርሽ እያት፣ ኤች፣ ኤች ኤል፣ ኤን፣ ኤል ኤል ተብሎ ከተጻፈባት እሱ ነው። መኪናው መታጠፍ እንዲችል የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት መዞር አለባቸው፣ ለዚህ ነው ትራንስፈር ኬዙ ውስጥ፣ ከካምቢዮው ኋላ ባለው ሳጥን ማለት ነው፣ ከፊቱና ከኋላው ሌላ ሶስተኛ ዲፍረንሻል የተቀመጠው፣ መሀል ላይ፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍል።

አሁን ልብ በይ። ዲፍረንሻል ጉልበት የሚልከው ሁልጊዜ በቀለለው በኩል ነው። ሁለት አፍ ያለው ቧንቧ አንዱ አፉ ቢቀደድ ውሃው በሙሉ በተቀደደው ይፈሳል እንጂ በደህናው አይመጣልሽም። ከፊት አንድ አክስል (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ወይም አንድ ሲቪ ጆይንት (አክስሉ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገው መጋጠሚያ) ከተበጠሰ የሞተሩ ጉልበት በሙሉ እዛች የተበጠሰች ቦታ ላይ በባዶ ይሽከረከራል፣ የኋላው ምንም ሳይሆን ቆሞ ያያል። አንድ ቦታ ተበጥሶ አራቱም ጎማ ሥራ ያቆማል ማለት ነው። ማርሽ ውስጥ ሆና ወደ ኋላ የተንሸራተተችብሽም ለዚሁ ነው፣ ሞተሩ ጎማዎቹን የሚይዝበት መንገድ ተቆርጧል።

የመካኒኩ ሙከራ በሌላ መኪና ላይ ትክክል ነው። እኔም ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ የእጅ ፍሬን ስበሽ ሶስተኛ አስገብተሽ ስትለቂ ሞተሩ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይይዛል፣ ካልጠፋ አልቋል። በዚህ መኪና ላይ ግን የፊት አክስል ተበጥሶ ከሆነ ፍሪሲዮኑ አዲስም ቢሆን ሞተሩ አይጠፋም፣ ምክንያቱም የሚይዘው ነገር የለም፣ በባዶ ነው የሚዞረው። ሙከራው ውሸት ይናገራል። ስንት ደህና ፍሪሲዮን በዚህ ምክንያት ወርዶ እንደተቀየረ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ነገ እንዲህ አርጉ። መኪናው ሜዳ ላይ ይሁን፣ ሞተሩ ተነስቶ ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻ ይረገጥ፣ ውስጥ የሚዞረው ነገር ሁሉ እስኪቆም ትንሽ ጠብቂ፣ ከዛ ትንሿን ማርሽ ከኤች ወደ ኤች ኤል አምጪያት። ይሄ ዲፍ ሎክ ይባላል፣ የመሀሉን ዲፍረንሻል ቆልፎ የፊቱንና የኋላውን አንድ ላይ ያዞራል፣ ፊቱ ቢበጠስም ጉልበቱ ለኋላው ይደርሳል። የዲፍ ሎክ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ መብራት አለበት፣ ካልበራ አታስገድጂው፣ ፍሪሲዮኑን ለአፍታ ለቀቅ አርገሽ እንደገና ሞክሪ። መብራቱ ሲበራ አንደኛ አስገብተሽ ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ከሄደች ፍሪሲዮኑም ካምቢዮውም ንጹህ ናቸው። ካልሄደች መካኒኩ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።


ሶማሌ_ተራ_ነኝ · ማክሰኞ ማታ 3:41

ጋሼ በአክብሮት፣ ዲፍ ሎክ አስፋልት ላይ ማስገባት ትራንስፈሩን ይሰብራል ሲባል ነው የኖርነው። እኛ ጋ ስንት ሰንሰለቱ የተበጠሰ ትራንስፈር ይመጣል። ልጅቷን ሌላ ወጪ ውስጥ እንዳናስገባት።


ጡረተኛ_መካኒክ · ማክሰኞ ማታ 3:58

ልክ ብለሃል ልጄ፣ ደህና መኪና ላይ ነው ግን። ደህና መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ተቆልፎ ሲታጠፍ የፊቱና የኋላው ይጎታተታል፣ መውጫ ስለሌለው ሰንሰለቱና ጥርሱ ላይ ያርፋል። የእሷ ፊት ተበጥሶ ከሆነ ግን የሚጎታተት ነገር የለም፣ በኋላ ጎማ ብቻ ነው የምትሄደው። እኔ ደግሞ ንጂባት አላልኩም፣ አምስት ሜትር ወደፊት አምስት ሜትር ወደ ኋላ በቂ ነው። የተበጠሰ ጆይንት እየተወናጨፈ የፍሬን ቱቦ ሊቆርጥ ይችላልና በዛ ሁኔታ ከተማ ውስጥ መንዳት አይገባም።


ኤሌክትሪክ_ይሻላል · ማክሰኞ ማታ 4:10

ለምን ሸጠሽ ኤሌክትሪክ አትገዢም? እንዲህ ያረጀ መኪና ላይ ብር ማፍሰስ።


የአባቷ_ፕራዶ · ማክሰኞ ማታ 4:22

ወንድሜ አቅሙ ቢኖር ጥሩ ነበር። አባቴ በዚህ መኪና ነው አራታችንንም ትምህርት ቤት ያመላለሰው፣ ክፍለ ሀገር ለቅሶ ስንሄድም የምታደርሰን እሷ ናት። በዛ ላይ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለንን ጠብቀን መያዝ ነው ያለብን፣ ብትሸጥ ተመልሳ አትገኝም።

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ ነገ ከምሳ በፊት ፈቃድ ጠይቄ እሄዳለሁ።


የአባቷ_ፕራዶ · ረቡዕ ቀን 7:05

ሄደች!!!

ጋሼ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። መብራቱ መጀመሪያ አልበራም፣ እንዳሉኝ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ለቀቅ አርጌ እንደገና ስረግጥ ቀላ ብሎ በራ፣ አንደኛ አስገብቼ ስለቅ ዝም ብላ ሄደች፣ ያለ ምንም መንሸራተት። ሪቨርስም እንደዛው። መካኒኩ ራሱ አፉን ይዞ ቀረ፣ ደግነቱ ሰውየው ጨዋ ነው፣ "እኔም ተማርኩ" አለኝ። አሁን የትኛው እንደተበጠሰ በምን እንወቅ?


ጡረተኛ_መካኒክ · ረቡዕ ቀን 7:30

እሰይ ልጄ። አሁን ቀላሉ ቀረ።

ወደ ኤች መልሷት፣ ዲፍ ሎኩ ይውጣ። የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ የኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግባቸው፣ አንድ ሰው መሪ ላይ ሆኖ በአንደኛ ማርሽ ነዳጅ ሳይሰጥ ፍሪሲዮን ይልቀቅ። ሌላው ሰው ከጎን ራቅ ብሎ ጎንበስ ብሎ ይይ፣ ማንም ከስር እንዳይገባ፣ እጁንም እንዳይሰድ። ፕሮፔለር የምንለው ረጅሙ ዘንግ ወደ ፊት የሚሄደው ነው ወይስ ወደ ኋላ የሚሄደው የሚዞረው? የሚዞረው በኩል ነው የተበጠሰው።

የፊቱ ከዞረ ደግሞ የፊት ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል እዩ። ጎማው ቆሞ አክስሉ እየተሽከረከረ ከሆነ የተበላሸው ጎማው ጋ ያለው የውጪው ጆይንት ነው። አክስሎቹ ሁለቱም ቆመው ፕሮፔለሩ ብቻ ከዞረ የውስጠኛው ጆይንት ወይም ራሱ የፊት ዲፍረንሻሉ ነው፣ ያኔ የዲፍረንሻሉን ዘይት አፍሱና ብረት ፈልጉበት። ሁለቱም ፕሮፔለር ካልዞረ ግን ነገሩ ትራንስፈር ኬዙ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፣ ያንቺ እንደዛ አይመስለኝም።


ቪታራ_96 · ረቡዕ ቀን 8:02

ጋሼ የኔ ቪታራ ላይም ይሠራል ይሄ ሙከራ?


ጡረተኛ_መካኒክ · ረቡዕ ቀን 8:11

አይሠራም። ያንተ በኋላ ነው የሚሄደው፣ ፎር ዊል ሲገባ ብቻ ነው ፊቱ የሚያዘው፣ የመሀል ዲፍረንሻል የለውም። የኋላ አክስልህ ተበጥሶ ከቆምክ ግን ፎር ዊል አስገብተህ በፊቱ ጎትተህ ጥግ መያዝ ትችላለህ።


የአባቷ_ፕራዶ · ረቡዕ ማታ 1:48

ተገኘ! የፊቱ ፕሮፔለር ነው የዞረው፣ የኋላው ቆሟል። ከዛ በሾፌሩ በኩል ጎማው ድርቅ ብሎ ቆሞ አክስሉ ከኋላው ሲሽከረከር በዓይኔ አየሁት፣ እየተሽከረከረ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ በሕይወቴ እንደዛ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ከዛ ጎማው ሲወልቅ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነ። ጆይንቱን የሚሸፍነው ላስቲክ፣ ቡቱ፣ ዙሪያውን ተቀዷል፣ ግራሶው በሙሉ ተረጭቶ ቸርኬው ውስጥ ደርቋል። ዳዶው ተፈቶ አክስሉ ሲወጣ ሁለት ኳስ መሬት ወርዳ ተንከባለለች። ኳሶቹን የሚይዘው ቀለበት ሶስት ቦታ ተሰብሯል። ውስጡ የቀረው ግራሶ የቡና አተላ ነው የሚመስለው፣ ቡኒና አሸዋማ፣ በጣቴ ስነካው ይቆረቁራል።

እና አሁን ነው ትዝ ያለኝ፣ ከክረምት ጀምሮ አራት ኪሎ አደባባዩን ስዞር፣ ፓርኪንግም ስወጣ መሪ እስከ መጨረሻ ስጠመዝዝ ከፊት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ነበረ። ቀጥ ስል ይጠፋል። የሆነ ፕላስቲክ የላላ መስሎኝ ራዲዮውን ከፍ አርጌ እነዳ ነበር።


ናፍጣ_ብቻ · ረቡዕ ማታ 2:05

ያ ድምፅ እሱ ነው በቃ። መሪ ጠምዝዘሽ ነዳጅ ስትሰጪ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጥ ስትይ ዝም፣ የውጪ ጆይንት ምልክት ነው። ቡቱ ሲቀደድ አቧራና ውሃ ይገባል፣ ግራሶው ይወጣል፣ ከዛ የቀን ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቢታወቅ ቡትና ግራሶ ብቻ ይበቃ ነበር።


ሶማሌ_ተራ_ነኝ · ረቡዕ ማታ 2:20

እህቴ ለዕቃው ነገ ወደኛ ሶማሌ ተራ ነይ፣ ማን ጋ ሂጂ አልልሽም ዞር ዞር ብለሽ አይተሽ ግዢ። ግን ሶስት ነገር ሳታረጋግጪ ብር እንዳታወጪ። የድሮውን በእጅሽ ይዘሽ ነይ፣ "98 ፕራዶ" ብለሽ በአፍ ብቻ እንዳትጠይቂ፣ አንዱ ጥርሱ ይለያል አንዱ ርዝመቱ ይለያል። ጥርሱን በቾክ አንዷን ምልክት አርገሽ አንድ ሁለት እያልሽ ቁጠሪ፣ ሀብ (ጎማው የሚታሰርበት) ውስጥ የሚገባውንም ከአክስሉ ጋር የሚጋጠመውንም። መኪናሽ ኤቢኤስ ካለው ጆይንቱ ላይ ያለችውን ጥርስ ጥርስ ያላት ቀለበት እያት፣ ያለሷ ከገዛሽ የኤቢኤስ መብራቱ አይጠፋልሽም።


የአባቷ_ፕራዶ · ረቡዕ ማታ 2:33

አዲስ የቻይና ሙሉ አክስል ነው ወይስ ያገለገለ ኦርጅናል? መካኒኩ ሁለቱም ይሆናል ይላል። ጋሼ ምን ይላሉ?


ጡረተኛ_መካኒክ · ረቡዕ ማታ 3:00

እኔ ብሆን ያገለገለ ኦርጅናል፣ በደንብ የታየ። ርካሹ አዲስ የሚያብረቀርቅ ነው ግን ብረቱ ለስላሳ ሲሆን አይቻለሁ፣ ይሄ ደግሞ ከባድ መኪና ነው፣ ሁልጊዜ በአራት የሚሄድ፣ ቸርችልን በአንደኛ ማርሽ መሪ ጠምዝዞ የሚነሳ።

ያገለገለውን ስታዪ ቡቱ ተነስቶ ግራሶው በጨርቅ ይጠረግልሽ በይ፣ እንቢ ካለሽ ወደ ሌላው ሂጂ። ኳሶቹ የሚሄዱባቸውን ቦዮች በስልክሽ መብራት እያቸው፣ እንደ መስታወት ለስልሶ የሚያበራ መስመር ቢኖር ምንም አይደለም፣ ጥፍርሽን ስታሳልፊበት የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ግን ተዪው። ከዛ አንድ ጫፉን አጥብቀሽ ይዘሽ ሌላውን ወዲያና ወዲህ ጠምዝዢው፣ ቶክ ቶክ ካለ አልቋል። እስከ መጨረሻ አጥፈሽም አዙሪው፣ አንድ ቦታ ላይ መያዝ የለበትም።

ስትገጥሙ አዲስ ቡት፣ ጥቁሩ የሲቪ ግራሶ፣ ተራ የኩሽኔታ ግራሶ አይሆንም። ቡቱ በፋብሪካ ክላምፕ ይጠበቅ እንጂ በሽቦ እንዳይታሰር። አክስሉ ከዲፍረንሻሉ ከወጣ ኦይል ሲሉም (ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘው) ይቀየር፣ ዕቃው ርካሽ ነው፣ የእጅ ዋጋው ነው ውዱ፣ ሁለቴ አትክፈይ። የዲፍረንሻሉን ዘይት ጂኤል 5 ባለ 90 ሙሉት፣ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር ድረስ፣ ከዛ በላይ አይደለም። የሀብ ዳዶው በቶርክ ቁልፍ ይጥበቅ፣ ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ኮፒሊያም አዲስ ይሁን።


ዲኤክስ_ለዘላለም · ረቡዕ ማታ 3:12

እኔ ፍሪሲዮን ነው ብዬ ስለነበር ይቅርታ እህቴ። የዲኤክሱን ልምድ ነው ፕራዶ ላይ ያመጣሁት።


የአባቷ_ፕራዶ · ረቡዕ ማታ 3:15

ምንም አይደል ወንድሜ፣ በቅንነት ነው።


የአባቷ_ፕራዶ · ዓርብ ማታ 1:30

ትናንት ከሰዓት ሶማሌ ተራ ገብቼ አምስት ሱቅ ዞርኩ። ሶስቱ ጠርገን አናሳይም አሉኝ፣ አራተኛው ጋ ጥፍሬ ያዘ፣ አምስተኛው ጋ አንድ ሽማግሌ ሳልጠይቃቸው ራሳቸው ጠርገው በመብራት አሳዩኝ። ጥርሱን ከድሮው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠን አብረን ቆጠርን፣ እኩል ነው። እሱን ገዛሁ። ቡት፣ ግራሶ፣ ኦይል ሲል፣ ዘይት ሁሉ ተደምሮ መጀመሪያ ከተጠራብኝ ዋጋ ሩቡን እንኳ አልሞላም።

ዛሬ ተገጠመ። እዛው ሜዳ ላይ መሪ እስከ መጨረሻ ወደ ግራ ጠምዝዤ ዞርኩ፣ ወደ ቀኝ ዞርኩ፣ ሪቨርስም አረኩ፣ መስኮት ከፍቼ ራዲዮ አጥፍቼ። ፀጥ ነው። ከዛ አባቴን ጋቢና አስቀምጬ ከለገሀር ቸርችልን እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ወጣን፣ መሀል ላይ ሆን ብዬ ቆሜ በአንደኛ ተነሳሁ። አባቴ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ እያዳመጠ ነበር፣ ምንም ሳይል ቆይቶ ብቻ "ደህና ናት" አለ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። በቀኝ በኩል ያለውም ቡት ሲታይ እጥፋቱ ላይ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ገና አልተቀደደም፣ ግራሶውም አልወጣም። መካኒኩ አክስሉን ሳናወጣ ተሰንጥቆ የሚጣበቅ ቡት አለ ይለኛል። ይሆናል?


ጡረተኛ_መካኒክ · ዓርብ ማታ 2:05

አይሆንም ልጄ። ማጣበቂያው ሙቀትና ግራሶ ሲነካው ይለቃል፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ያስገባል። አክስሉ ወጥቶ ሙሉው ቡት ይግባ፣ አሁን ጆይንቱ ደህና ስለሆነ የሚያስፈልግሽ ቡትና ግራሶ ብቻ ነው። እስከዛው በየሳምንቱ ጎንበስ ብለሽ ቸርኬውን ከውስጥ በኩል እዪው፣ ጥቁር ርጭት ካየሽ አትንጂ። አባትሽን ሰላም በይልኝ።


የአባቷ_ፕራዶ · ዓርብ ማታ 2:11

እሺ ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ ያዝኩ። ሙሉ ቡት ነው ብዬዋለሁ።